ለዕዳ አዋቂ፣ ለመኝታ ሕፃን

ለመሆኑ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ አዋቂ ነው ወይስ ሕፃን? መልሱ እንደምትጠይቁት ቢሮ ይለያያል። የወጪ መጋራት ውል የሚያስፈርመውን ቢሮ ብትጠይቁ፣ ተማሪው ዕድሜው የሞላ፣ ልቡናው የበሰለ፣ የነገ ደመወዙን ዛሬ አስይዞ ዕዳ መግባት የሚችል ሙሉ ሰው ነው። ሁለት በር አለፍ ብላችሁ የተማሪዎች አገልግሎት ቢሮ ስትገቡ ግን ያው ሰው፣ በዚያው ቀን፣ ሕፃን ሆኖ ታገኙታላችሁ። “ከግቢ ውጭ ተከራይቼ መኖር እፈልጋለሁ” ሲል “ቤተሰብ ያውቃል?” ይባላል። ከዚያ ማመልከቻ፣ የወላጅ ፊርማ፣ የኪራይ ውል፣ “ለሚደርስብኝ ሁሉ ኃላፊው እኔ ነኝ” የምትል ቃል… በመጨረሻም ማስጠንቀቂያ፦ አንዴ ከወጣህ አልጋህን ረስተህ ነው! ያየኋቸው ቅጾች ከሞላ ጎደል እንዲህ ናቸው።

ጎበዝ፣ ሁለት ወዶ አይሆንም።

ነገሩን ከሥሩ እንየው። በፊት የዩኒቨርሲቲ ምግብና መኝታ የመንግሥት ችሮታ ነበር። የሰው እንጀራ የሚበላ የቤቱን ሥርዓት ያክብር ቢባል ያስኬዳል። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የወጪ መጋራት ደንብ ግን ችሮታውን ወደ ዕዳ ለወጠው። ተማሪው የምግቡንና የመኝታውን ወጪ ሙሉ በሙሉ፣ የትምህርቱን ደግሞ ቢያንስ 15 በመቶ፣ ተመርቆ ሥራ ሲይዝ ሊከፍል ይፈርማል። ስለዚህ ያች ተደራራቢ የብረት አልጋ የዱቤ ዕቃ ናት፤ ተማሪውም ደንበኛ እንጂ ጥገኛ አይደለም። ለመሆኑ ዱቤ የሚሰጥ ባለሱቅ “ስኳሩን ካልፈለግህ አባትህን ጥራ” ሲል ሰምታችሁ ታውቃላችሁ?

ሕጉም ቢሆን ከተማሪው ጋር ነው። በ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ 18 ዓመት የሞላውን ሰው ለአካለ መጠን ደርሷል ይለዋል። ትዳር መያዝ ይችላል፤ ድምፅ መስጠትም ይችላል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 32 ኢትዮጵያዊ ሁሉ መኖሪያውን የመምረጥ ነጻነት አለው ሲል “ከዩኒቨርሲቲ ተማሪ በቀር” የሚል ሐረግ አላስገባም።

እኔ የምኖረው ሃያ ሁለት ነው። ሰፈሩ ስሙን ያገኘው 22 ቁጥር አውቶቡስ እዚህ ትዞር ስለነበር ነው። ዛሬ አውቶቡሷን የሚያስታውሳት ጥቂት ነው፤ ሃያ ሁለት ሲባል ለአንድ ዲን የሚታየው መሸታ ቤት፣ ሺሻ፣ ፔንሲዮንና የሌሊት ሙዚቃ ነው። አለ፤ አልክድም። ከጎላጉል ጀርባ ባሉት መንደሮች ግን አንዲት ሰርቪስ ክፍል ለሦስት ተከራይተው፣ ሻያቸውን አፍልተው እስከ ሌሊት የሚያጠኑ ልጆችም አሉ። ብዙዎቹ ዶርም በሌላቸው የግል ኮሌጆች የሚማሩ የክፍለ ሀገር ልጆች ናቸው። የት ታድራላችሁ ብሎ የሚጠይቃቸው የለም፤ ክፍያቸውን በጊዜው ካስገቡ በቃ። እንግዲህ የ19 ዓመቷ ልጅ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ከሆነች ሃያ ሁለት ያበላሻታል፣ የግል ኮሌጅ ተማሪ ከሆነች ግን አይነካትም ማለት ነው?

ከእኛ ግቢ ማዶ አንዲት የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ተከራይታ ነበር። የምትማርበትን ተቋም ስም አልጠራም። ከዶርም ለመውጣት የኪራይ ውል አምጪ ተባለች። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ውል በጽሑፍ ሆኖ እንዲመዘገብ፣ ዘመኑም ከሁለት ዓመት እንዳያንስ ያዛል። ለተከራይ የቆመ ሕግ ነው። ግን አንዲት ሰርቪስ ክፍል ለዐሥር ወር የሚያከራዩ እናት ወረዳ ሄደው ውል ያስመዘግባሉ ብላችሁ ነው? ልጅቱ ምን ታድርግ… “ኮተቤ አክስቴ ጋ ነው የምኖረው” ብላ ጻፈች፤ አንድ የሩቅ ዘመድም ፈረመላት። ክረምቱ ሲገባ ታይፎይድ ጣላት። ስልኳ ሲዘጋባቸው ደሴ ያሉት እናቷ ተማሪ ቤቷ ደወሉ። ከፋይሉ የተነበበላቸው አድራሻ ኮተቤ ነው። እናት በሌሊት መኪና መጥተው ሁለት ቀን ኮተቤን ሲያስሱ፣ ልጃቸው እዚህ ሃያ ሁለት ክሊኒክ ውስጥ ግሉኮስ ተሰክቶላት ተኝታለች። ያስታመሟት አከራይዋ ናቸው።

ደንቡ የወጣው ልጆቹ የት እንዳሉ ለማወቅ ነው ይሉናል። ይኸው እንግዲህ! የት እንዳለች እንዳትታወቅ ያደረገው ደንቡ ራሱ ነው። እውነቱን ለጻፈ የማይፈቅድ ቅጽ ውሸት ያስተምራል። አለባብሰው ቢያርሱ በአረም ይመለሱ ማለት ይህ ነው።

“ለደኅንነታቸው ብለን ነው” የሚለውም መልስ አያስኬድም። በጥቅምት 2012 ዓ.ም. በወልዲያ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የተገደሉት መሸታ ቤት ውስጥ አይደለም፤ እዚያው ግቢያቸው ውስጥ ነው። በዚያ ሰሞን ከየዩኒቨርሲቲው ዶርም ሸሽተው ቤተ ክርስቲያን የተጠለሉ ልጆች የማንን ፊርማ ይዘው ነበር? አጥር ሌባን ይከለክል ይሆናል፤ ጥላቻን ግን አይከለክልም።

ታሪኩን ደግሞ ተመልከቱ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1943 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ተማሪው አዳሪ ነበር። በ1950ዎቹ አጋማሽ፣ በኮሌጅ ቀን የሚነበቡት ግጥሞች ቤተ መንግሥቱን ካስቆጡ በኋላ፣ አዳሪነቱ ቀረና ተማሪው ገንዘብ እየተሰጠው ከተማ ውስጥ ቤት ፈልግ ተባለ። ምክንያቱ ወጪ ነው ቢባልም፣ አብረው አድረው እንዳይመክሩ ነው ብለው የጠረጠሩ ነበሩ። በኋላም ዶርም ሲጠብ “የአዲስ አበባ ልጅ ከቤቱ ይመላለስ” ሲባል ብዙ ዓመት አለፈ። ያን ጊዜ ሃያ ሁለትም ካዛንቺስም ማንንም አላስፈራም። አልጋ ሲጠፋ ውጭ ማደር ጽድቅ፣ ተማሪው ሲመርጠው ኃጢአት! ስለዚህ የሚፈራው ሰፈሩ አይደለም፤ ምርጫው ነው።

ሥነ ጽሑፍ ባስተማርኩባቸው ዓመታት ከተማሪዎቼ የሰማሁት አቤቱታ አንድ ነው። ልብ ወለድ ለማንበብ ጸጥታ ያስፈልጋል፤ ስምንት ሰው በሚያድርበት ክፍል ጸጥታ የሚገኘው መብራት ሲጠፋ ነው፤ ያን ጊዜ ደግሞ ማንበብ የለም። ለመውጣት የሚፈልግ ሁሉ መጠጥ ፍለጋ አይወጣም። አንዱ እንቅልፍ፣ አንዱ ጠረጴዛ፣ አንዱ የማታ ሥራ ፍለጋ ነው የሚወጣው።

ደግሞስ ዩኒቨርሲቲዎቹ ራሳቸው “ነን ካፌ” የሚባል ነገር ፈቅደው የለም? ከካፌ አልበላም ላለ ተማሪ የቀለቡን ገንዘብ በእጁ ይሰጡታል። የቀን ቀለቡ በ2017 ዓ.ም. ከ22 ወደ 100 ብር ሲያድግ እንኳን “ገንዘቡን ለልጅ አንሰጥም” አላሉም። ሆዱን ማስተዳደር የሚችል ሰው ጎኑን የሚያሳርፍበት መምረጥ ያቅተዋል?

ሁሉም ይውጣ ማለቴ አይደለም። ኪራዩ እሳት ነው፤ ደላላው ሌላ እሳት ነው። “ማታ ሦስት ሰዓት በር እዘጋለሁ” የሚል አከራይ፣ ውኃው በሳምንት አንድ ቀን የሚመጣ ቤት… ለብዙው ተማሪ ዶርም ይሻለዋል። የአንደኛ ዓመት ተማሪ ከተማውን እስኪለምድ ግቢ ይቆይ ቢሉም አልከራከርም፤ ብዙ የአሜሪካ ኮሌጆች እንዲህ ያደርጋሉ። በእንግሊዝ አገር ግን የአዋቂነት ዕድሜ በ1970 እ.ኤ.አ. ከ21 ወደ 18 ዝቅ ሲል ዩኒቨርሲቲዎቹ በወላጅ እግር ተተክተናል ማለቱ አበቃላቸው። ሕጉ አዋቂ ያለውን ሰው ሕፃን ነህ የሚሉበት አፍ አጡ።

የምጠይቀው ብዙ አይደለም። ፈቃድ መጠየቅ ይቅርና ማስታወቅ ይሁን። አንዲት ገጽ ወረቀት ትበቃለች፦ የምኖረው እዚህ ነው፣ ስልኬ ይህ ነው፣ ብታመም የሚጠራልኝ ሰው እገሌ ነው። የኪራይ ውል አይጠየቅ፤ የአባት ፊርማ አይጠየቅ። አልጋ ካለ ኑሮ የከበደው ተማሪ መመለስ ይችል። የተማሪዎች አገልግሎት ቢሮም ስሙ “አገልግሎት” ነውና፣ የታመኑ አከራዮችን አድራሻ ይዞ ልጆቹን ከደላላ ያድናቸው። ይህ ከቁጥጥር ይልቅ ብዙ ሥራ አለው፤ ምናልባት የተጠላውም ለዚህ ይሆናል።

በ2015 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ መሠረት አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ራስ ገዝ ሆኗል፤ ሌሎቹም ተራቸውን እየጠበቁ ነው። ደግ! ራሱን ችሎ ለመተዳደር የሚጓጓ ተቋም፣ ራሱን ችሎ ለማደር የሚጓጓ ተማሪ ለምን ያስደነግጠዋል? አይ፣ ልጅ ነው ካላችሁም እሺ፤ እንግዲያው የዕዳውንም ወረቀት አባቱ ይፈርሙ።