ካሜራው ያሳየውን ማባረር

ከግልገል በለስ

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ግልገል በለስ ውስጥ አሰልጣኝ ያልሆነ ሰው ማግኘት ይቸግራል። ዲኤስቲቪ ቤቱ ወንበር እየደረደረ ሳለ ክርክሩ ይጦፋል። ማን ይሰለፋል? ማን ተጎድቷል? በሦስት ተከላካይ ይጀምራል ወይስ በአራት? የትኛው አሰልጣኝ ነው ገናን ሳያይ የሚባረረው? ድምፅ ተለይቶ የሚሰማው እስከ መጨረሻዋ ጥያቄ ድረስ ብቻ ነው፤ እሷ ላይ ሲደረስ ሁሉም አንድ ላይ ይናገራል። የባጃጅ ሾፌሩ አሰላለፍ ሲያስረዳ መምህሩ ይቃወመዋል፤ ውርርድ የቆረጠው ልጅ በሁለቱም ይናደዳል፣ እሱ የሚፈልገው ሦስት ጎል ነውና።

ይህን ክርክር የሥራ ፈት ወሬ የሚሉት አሉ። እኔ አልልም። በዞናችን በመተከል ሰው በምን በምን ተከፋፍሎ እንደነበር እናውቃለን። ዛሬ ጉሙዙና ሺናሻው፣ አገውና አማራው፣ ኦሮሞው በአርሰናልና በማንቸስተር ተከፋፍሎ፣ ተበሻሽቆ፣ ሒሳቡን ከፍሎ በሰላም ወደ ቤቱ ሲገባ ማየት ለእኔ ቀላል ነገር አይደለም። ስለዚህ ክርክሩ ይቀጥል። እኔን የሚያስቸግረኝ ፍርዱ ነው፤ ክሱ የቱንም ያህል ቢለያይ ቅጣቱ ሁሌም "አሰልጣኙ ይባረር" ነው።

ለምን እሱ ብቻ? ጎል ሲቆጠር ካሜራው ወዴት እንደሚዞር ልብ በሉ። ወደ አሰልጣኙ ፊት ነው። ተጫዋቹን የገዛው የስፖርት ዳይሬክተር አይታይም፤ ገንዘቡን የያዘው ባለሀብትም፣ የሕክምና ክፍሉም፣ ታዳጊ መልማዩም አይታዩም። በስክሪኑ ላይ ያለው ከንፈሩን እየነከሰ የቆመ አንድ ሰው ነው፤ እኛም የምናውቀው ጥፋተኛ እሱ ብቻ ስለሆነ እሱን እንቀጣለን።

ቅጣቱ ምን ያህል እንደፈጠነ ከአሰልጣኝ አንጅ ፖስቴኮግሉ በላይ የሚያሳይ የለም። እ.ኤ.አ. ግንቦት 21 ቀን 2025 ቢልባኦ ላይ ቶተንሃምን ይዞ ማንቸስተር ዩናይትድን 1 ለ 0 አሸነፈና ክለቡ ከ2008 ወዲህ ያላያትን ዋንጫ አስነካው። በሊጉ 17ኛ ሆኖ ጨርሶ ስለነበር ከ16 ቀን በኋላ ተሰናበተ። መስከረም ላይ ኖቲንግሃም ፎረስት ወሰደው። እዚያ የቆየው 39 ቀን ነው። ጥቅምት 18 ቀን በቼልሲ 3 ለ 0 ተሸነፈ፤ የመጨረሻው ፊሽካ ከተነፋ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ መባረሩ ተነገረ። ጨዋታውን ያየ ደጋፊ ገና ከወንበሩ አልተነሳም ነበር።

ባስ ተር ዊል የተባለ ሆላንዳዊ የምጣኔ ሀብት ተመራማሪ ይህን ነገር በቁጥር ፈትሾታል። በአገሩ ሊግ እ.ኤ.አ. ከ1986 እስከ 2004 ድረስ በውድድር ዓመት መካከል አሰልጣኝ ያባረሩ ክለቦችን፣ በተመሳሳይ ውድቀት ውስጥ ሆነው ካላባረሩት ጋር አነጻጸረ። ያባረሩት አገገሙ። ያላባረሩትም በዚያው ልክ አገገሙ። ቡድን አቅሙ ከሚፈቅደው በታች ከወረደ በኋላ ወደ ቦታው የመመለስ ዝንባሌ አለው፤ ምስጋናውን የሚወስደው ግን በዚያ ሳምንት የተገኘው አዲስ ፊት ነው።

ደጋፊው ሁሌም ይሳሳታል ማለቴ እንዳልሆነ ይታወቅልኝ። ቼልሲ በጥር 2021 ፍራንክ ላምፓርድን አሰናብቶ ቶማስ ቱኸልን ባያመጣ ኖሮ በዚያው ግንቦት የቻምፒየንስ ሊግ ዋንጫ ያነሳ ነበር ብሎ የሚምል ሰው አላገኘሁም። አስቶን ቪላም ከስቲቨን ጄራርድ ወደ ኡናይ ኤምሬ በመሻገሩ አልተጎዳም። በሌላ በኩል የእኛው ሰፈር መድፈኞች በነሐሴ 2021 አርሰናል ሦስቱን የመጀመሪያ ጨዋታዎች ተሸንፎ፣ በሲቲ 5 ጎል ተቆጥሮበት፣ የደረጃው ግርጌ ላይ ሲቀመጥ ስለ ሚኬል አርቴታ ምን ይሉ እንደነበር ዛሬ ብናስታውሳቸው አይወዱም።

ወደ ቤታችን ስንመጣ ነገሩ ይከፋል። እኛ ግልገል በለስ ያለን ሰዎች ትልቅ ኳስ በስክሪን ብቻ ማየት የተለመደ ዕጣችን ነው፤ የቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክለብ በፕሪሚየር ሊጉ ሲጫወት አላየንም። አሁን ግን የቀረው ኢትዮጵያዊ ደጋፊም እኛን ሆኗል። ሊጉ ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ የቴሌቪዥን መብቱ ተሽጦ በተመረጡ ከተሞች እየዞረ ስለሚካሄድ፣ የባሕር ዳሩም የሆሳዕናውም ደጋፊ የራሱን ቡድን አብዛኛውን ጊዜ እንደ አርሰናል በርቀት ነው የሚያየው። ብሔራዊ ቡድናችን ዋልያዎቹማ ጭራሽ ከአገር ወጥተው ነበር። የባሕር ዳር ስታዲየም በካፍ ከታገደ በኋላ እ.ኤ.አ. በኅዳር 2021 ጋናን "በሜዳችን" ያስተናገድነው ጆሃንስበርግ ላይ ነው። በሰኔ 2022 ግብፅን 2 ለ 0 የረታነው ሊሎንግዌ፣ ማላዊ ነው። በኅዳር 2023 ከሴራሊዮን 0 ለ 0 የተለያየነው ሞሮኮ ላይ ነው። ግብፅን ያሸነፈው አሰልጣኝ ውበቱ አባተ ዓመት እንኳ ሳይሞላው ከቡድኑ ጋር ተለያየ። ስታዲየሙን በጊዜ ያላስተካከሉት ሰዎች ስም ግን በየትኛውም ዲኤስቲቪ ቤት ሲነሳ ሰምቼ አላውቅም።

ከሁሉም በላይ የሚቆጨኝ የአሰልጣኝ ሰውነት ቢሻው ጉዳይ ነው። ሰውየው ሱዳን ላይ 5 ለ 3 ተሸንፎ መጥቶ አዲስ አበባ ላይ 2 ለ 0 በማሸነፍ ከ31 ዓመት በኋላ ለአፍሪካ ዋንጫ ያበቃን ነው። እ.ኤ.አ. ሰኔ 2013 ላይ በዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ደቡብ አፍሪካን 2 ለ 1 ስናሸንፍ፣ ተጫዋቻቸው በርናርድ ፓርከር በራሱ መረብ ላይ ሲያስቆጥር፣ አገሩ በአንድ እግሩ ቆመ። ደስታው ሳይበርድ ከፊፋ ዜና መጣ፦ ቀደም ብሎ ቦትስዋናን ባሸነፍንበት ጨዋታ ሁለት ቢጫ የነበረበት ምንያህል ተሾመ መሰለፉ እየተመረመረ ነው። ፌዴሬሽኑ ስህተቱን አመነ፤ ሦስቱ ነጥብ ተነጠቀ። የቢጫ ካርድ ቆጠራ የቢሮ ሥራ ነው፤ ደብዳቤ ይመጣል፣ ይመዘገባል፣ ለቡድኑ ይነገራል። ያም ሆኖ ሰውነት ምድቡን በአንደኝነት ጨረሰ፤ ለዓለም ዋንጫ ሁለት ጨዋታ ሲቀር በናይጄሪያ ተሸነፈ። ከዚያ እ.ኤ.አ. በጥር 2014 በቻን ውድድር ላይ ሦስቱንም ጨዋታ ያለ ጎል ተሸነፈና በየካቲት ተሰናበተ። ካሜራው የቢሮውን መዝገብ አሳይቶን አያውቅም፤ የሰውነትን ፊት ግን ደጋግሞ አሳይቶናል።

ከሱ በኋላ ፖርቹጋላዊው ማርያኖ ባሬቶ መጣ፤ ዮሐንስ ሳህሌ፣ አሸናፊ በቀለ፣ አብርሃም መብራቱ ተከታተሉ። ገብረመድኅን ኃይሌን ተመልከቱ። ጅማ አባ ጅፋርን በ2010፣ መቐለ 70 እንደርታን በ2011፣ ኢትዮጵያ መድንን በ2017 ዓ.ም. የሊግ ሻምፒዮን ያደረገ ሰው ነው። ሦስት ክለብ፣ ሦስት ዋንጫ። ብሔራዊ ቡድኑን ሲይዝ ግን እንደሌሎቹ ወደቀ። በሁለቱ ሥራዎች መካከል ሰውየው ኳስ አልረሳም። ክለብ ውስጥ በየቀኑ የሚያሠለጥነው ቡድን አለው፤ ብሔራዊ ቡድን ውስጥ የነበረው ጥቂት ቀን ልምምድና በሰው አገር የሚደረግ "የሜዳው" ጨዋታ ነበር። በዚህ ላይ የመጣው ሁሉ ቢለዋወጥ ምን ይገርማል?

እዚህ ከተማችን ውስጥ ካሜራ የማይደርስበት፣ በዓይናችን ልናየው የምንችለው አሰልጣኝ አለ። ጠዋት ጠዋት በአንድ ኳስ ሠላሳ ሕፃን የሚያሯሩጥ የስፖርት መምህር ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ደመወዙ የማስተማሩ ብቻ ነው፣ ለማሠልጠኑ የሚከፈለው የለም። ሦስት ተከላካይ ማንቸስተር ዩናይትድ ላይ ለአሰልጣኝ አሞሪም አልሠራለትም ብሎ ሁለት ሰዓት የሚሟገት ሰው፣ ይህ መምህር ልጆቹን በምን እንደሚያሰልፋቸው ጠይቆት አያውቅም። ከተማችን የመምህራን ትምህርት ኮሌጅ አላት፤ የዞን ስፖርት ጽሕፈት ቤትም አላት። ለታዳጊዎች ሥልጠና ስንት ብር ተመደበ፣ ስንት ኳስ ተገዛ፣ የአሰልጣኝነት ኮርስ ማን ወሰደ ብሎ መጠየቅ ደግሞ የትኛውንም አሰላለፍ ከማስረዳት የሚቀል እንጂ የሚከብድ አይደለም።

ፌዴሬሽኑ የሚቀጥለውን የዋልያዎቹን አሰልጣኝ ሲያስተዋውቅም ክርክሩ በስሙ ላይ እንዳይቆም እፈልጋለሁ። ውሉ ስንት ዓመት ነው? የወዳጅነት ጨዋታ በዓመት ስንት ተፈቀደለት? የቢጫ ካርዱን መዝገብ የሚይዘው ማን ነው? የሜዳችን ጨዋታ የት ነው የሚደረገው?