የልጆች ከመጠን ያለፈ ውፍረትና የትርፍ አንጀት ቀዶ ጥገና

ዩኒሴፍ በ2025 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሪፖርት መሠረት፣ በዓለም ላይ ዕድሜያቸው ከ5 እስከ 19 ዓመት ከሆኑ ልጆች መካከል 9.4 በመቶዎቹ ከመጠን ያለፈ ውፍረት አለባቸው። ቁጥሩ ከክብደት በታች ከሆኑት (9.2 በመቶ) ሲበልጥ ይህ የመጀመሪያው ነው። ስለ ውፍረት ሲነሳ ብዙ ጊዜ የሚወሳው የስኳር በሽታና የደም ግፊት ነው። ይሁን እንጂ በልጆች ላይ በብዛት የሚደረገውን ድንገተኛ የሆድ ቀዶ ጥገና፣ ማለትም የትርፍ አንጀት ቀዶ ጥገናን፣ ሊያከብደው ይችላል።

ችግሩ የሚጀምረው በሽታውን ከመለየት ነው። የሆድ ስብ ሲበዛ ሐኪሙ በእጁ ዳስሶ ሕመሙ ያለበትን ቦታ መለየት ይቸገራል። የአልትራሳውንድ ሞገድም በስብ ውስጥ ሲያልፍ ስለሚዳከም ትርፍ አንጀቱ ላይታይ ይችላል። በዚህ ጊዜ ሲቲ ስካን ወይም ኤምአርአይ ሊያስፈልግ ይችላል። ቤት ውስጥ ደግሞ «ብዙ በልቶ ነው» ተብሎ ሕመሙ ሊታለፍ ይችላል። በመዘግየቱ ትርፍ አንጀቱ ከፈነዳ ኢንፌክሽኑ ወደ ሆድ ዕቃ ይሰራጫል፤ የሆስፒታል ቆይታውም ይረዝማል።

በቀዶ ጥገና ክፍል ውስጥም ተጨማሪ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በእንቅልፍ ጊዜ ትንፋሽ የሚቆራረጥባቸው ወይም አስም ያለባቸው ልጆች ማደንዘዣ ሲሰጣቸው የመተንፈስ ችግር ሊገጥማቸው ይችላል። ሆድ ተከፍቶ ሲሠራ ደግሞ የስቡ ንብርብር በቂ ደም ስለማያገኝ ቁስሉ በቀላሉ ሊያመረቅዝ ይችላል።

የጥናቶች ውጤት ግን አንድ ዓይነት አይደለም። አንዳንዶቹ ውፍረት ያላቸው ልጆች ቀዶ ጥገና ረዘም ያለ ጊዜ እንደሚወስድና የቁስል ኢንፌክሽን እንደሚበዛ አሳይተዋል። በትንንሽ ቀዳዳዎች በካሜራ እየታየ በሚሠራው ላፓራስኮፒ ግን ልዩነቱ እንደሚጠብ ወይም እንደማይታይ የገለጹ አሉ። ስለዚህ ውጤቱን የሚወስነው የልጁ ክብደት ብቻ አይደለም፤ በሰዓቱ መድረሱና ሆስፒታሉ ያለው መሣሪያም ጭምር ነው። በኢትዮጵያ ላፓራስኮፒ በብዙ ሆስፒታሎች ስለማይገኝ ትርፍ አንጀት በአብዛኛው የሚወጣው ሆድ ተከፍቶ ነው። በመሆኑም የልጆችን ውፍረት አስቀድሞ መከላከል እዚህ የበለጠ ይጠቅማል።

ልጅዎ እምብርቱ አካባቢ ጀምሮ ወደ ታችኛው ቀኝ ሆዱ የሚሄድ ሕመም፣ ማስመለስ፣ ትኩሳት ወይም የምግብ ፍላጎት ማጣት ካለበት ሳያድሩ ወደ ሆስፒታል ይውሰዱት። ሆዱን አይሹት፤ የሚያስቀምጥ መድኃኒትም አይስጡት። ሕመሙ በድንገት ቀለል ቢልም ትርፍ አንጀቱ ፈንድቶ ሊሆን ስለሚችል አይዘናጉ። የሚያንኮራፋ ከሆነ፣ አስም ካለበት ወይም የሚወስደው መድኃኒት ካለ ለማደንዘዣ ባለሙያው አስቀድመው ይንገሩ። ከቀዶ ጥገናው በኋላ ቁስሉ ከቀላ፣ ካበጠ ወይም መግል ከያዘ ቀጠሮ ሳይጠብቁ ይመለሱ።