ፎቶግራፉ እቃውን ይምሰል



እንደምታውቁት በካኩማ ካምፓችን ውስጥ መሶብና ሰፌድ የሚሰፉ፣ ጥልፍ የሚጠልፉ እናቶች አሉ። ዛሬ ገዥው ጎረቤት ብቻ አይደለም። በስልክ የተላከለትን ፎቶግራፍ አይቶ ከናይሮቢ የሚያዝም አለ። ፎቶግራፉን የሚያነሣው ደግሞ ብዙውን ጊዜ ልጅ ነው። ስለዚህ የእናቱ ገበያ በእርሱ እጅ ነው ማለት ይቻላል።

በዚህ ረገድ እኔም ጥፋት ሠርቻለሁ። ባለፈው ዓመት የአንዲት እናት ጎረቤቴን መሶብ ለማስታወቂያ ያነሣሁት እኔ ነበርኩ። ስልኩን በጣም አስጠግቼ ከታች ወደ ላይ ስላነሣሁት ትንሹ መሶብ የድግስ መሶብ መሰለ። ቀለሙንም በስልኩ ማሳመሪያ አደመቅሁት። ገዥዋ መሶቡ ሲደርሳት «ያየሁት ይህን አይደለም» ብላ መለሰችው። የአውቶቡሱን ሂሳብ የደርሶ መልስ የከፈሉት ጎረቤቴ ናቸው። ገንዘቡን ተካሁላቸው፤ ደንበኛዋን ግን ልተካላቸው አልቻልኩም።

አንዳንዶች «ማስታወቂያ አይደል? ማሳመር ያለ ነው» ይላሉ። ማሳመርና ማታለል ግን ይለያያሉ። በአሜሪካ ካምቤል የተባለው የሾርባ ኩባንያ ለማስታወቂያ በቀረበው ሳህን ውስጥ ከሾርባው ሥር የብርጭቆ ብይ ተደርጎ ነበር። ይህም አትክልቱና ሥጋው ወደ ላይ ወጥቶ ሾርባው ወፍራም እንዲመስል ነው። የአገሪቱ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ1970 ኩባንያው ይህን እንዲያቆም ትእዛዝ አወጣ። ሾርባው እውነተኛ ነበር፤ ውሸቱ ያለው በአቀራረቡ ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣው የኬንያ የሸማቾች ጥበቃ ሕግም ገዥን የሚያሳስት የሐሰት መግለጫ ይከለክላል።

ታዲያ ሳይዋሹ እንዴት መማረክ ይቻላል? ይህ ገንዘብ አይጠይቅም።

በመጀመሪያ የስልኩን ሌንስ በንጹሕ ጨርቅ ጥረጉ፤ አቧራችን ምስሉን ያደበዝዛል። በቀትር አታንሡ፤ ፀሐይ አናት ላይ ስትሆን ጥቁር ጥላ ትጥላለች። በሰማያዊ ሸራ ሥርም አታንሡ፤ ነጩን ክር ሰማያዊ ያስመስለዋል። እቃውን ከቤት ውስጥ በበሩ አጠገብ አስቀምጡትና ብርሃኑ ከጎን ይምጣለት። በሌላው ጎን ነጭ ወረቀት ብታቆሙ ጥላው ይለሰልሳል።

ከበስተኋላ አንድ ቀለም ያለው ጨርቅ ዘርጉ። የሰው ፊት ወይም የመታወቂያ ወረቀት አብሮ እንዳይገባ ተጠንቀቁ፤ በመካከላችን መታየት የማይፈልግ ሰው አለ። ስልኩን በእቃው ቁመት ልክ ያዙ። መጠኑ እንዲታወቅ ከአጠገቡ የቡና ሲኒ አስቀምጡ፤ ቁመቱንና ስፋቱንም በሴንቲሜትር ጻፉ። ከዚያም ስፌቱን በቅርብ አንሡ። እንከን ካለውም እንከኑን አሳዩ።

እንከን አሳዩ ማለቴ ለአንዳንድ ወላጆች ኪሳራ ይመስል ይሆናል። ነገር ግን አስቡት። በገበያ የሚገዛ ሰው እቃውን ያገላብጣል፣ በጣቱ ይዳስሳል። በፎቶግራፍ የሚገዛ ሰው ግን ዓይኑንም እጁንም ለእናንተ አደራ ሰጥቷል። እኛ ስደተኞች በከተማው መካከል ሱቅ የለንም፤ እንዳሻን ሄደን ደንበኛ ማነጋገርም አይሆንልንም። ከስማችን በቀር የምናስይዘው ነገር የለንም። አንድ ሰው ሲያታልል ደግሞ «የካምፕ እቃ እንዲህ ነው» ተብሎ የሁላችንም ስም ይጠፋል።

ስለዚህ ተማሪዎች ሆይ፣ ፎቶግራፉን ከመላካችሁ በፊት ስልኩንና እቃውን ጎን ለጎን አድርጋችሁ ለሠሩት እናት አሳዩ። «አዎ፣ የኔው ሥራ ነው» ካሉ ላኩት። ካመነቱ ግን እንደገና አንሡ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል።