ምጣድ የተከለከለበት ግቢ

ባለፈው ክረምት ቤት ስፈልግ ሦስት ግቢ አየሁ። በሦስቱም ክፍሉን ከማየቴ በፊት የተነገረኝ ሕግ አንድ ዓይነት ነበር፦ «ምጣድ የለም፣ ስቶቭ የለም፣ ካውያም ቢሆን በሳምንት አንዴ።» የመጨረሻዋ አከራይ ደግ እናት ናቸው። «ልጄ፣ ከሰል እንደልብህ አንድድ፣ እሱን ማንም አይከለክልህም» አሉኝ። ክፍሏ ሦስት በአራት ብትሆን ነው። አንዲት መስኮት አለቻት፣ እሷም የምትከፈተው ወደ ጎረቤት ግንብ።

የቤት ውስጥ አየር ብክለት ሲነሳ እኛ አገር ቶሎ የሚመጣው ቃል «ግንዛቤ» ነው። ስልጠና ይዘጋጃል፣ አበል ይከፈላል፣ ፎቶ ይነሳል። እናቴ ግን ጭስ እንደሚጎዳ ለማወቅ ስልጠና አላስፈለጋትም፤ ጋግራ ስትወጣ ዓይኗ ደም ይመስል ነበር። እኔ የተማርኩት ኢኮኖሚክስ ነውና ሌላ ነገር ልጠይቅ፦ ማን ይከፍላል? ማንስ ይወስናል?

መጀመሪያ ጉዳቱን እንይ። የዓለም ጤና ድርጅት ግምት እንደሚለው እ.ኤ.አ. በ2020 ብቻ ከቤት ውስጥ የአየር ብክለት ጋር በተያያዘ 3.2 ሚሊዮን ሰዎች ሞተዋል። ከእነዚህ ውስጥ ከ237 ሺህ በላይ የሚሆኑት አምስት ዓመት ያልሞላቸው ሕፃናት ናቸው። በጭሱ ውስጥ ያለው ደቃቅ ብናኝ ሳንባ ላይ ብቻ አይቆምም፣ ወደ ደምም ይገባል። ለዚህ ነው ከሳንባ ምች ባለፈ የልብ ሕመም፣ ስትሮክና የሳንባ ካንሰር ዝርዝሩ ውስጥ ያሉት። በእኛ አገር ደግሞ ከአሥር ቤት ዘጠኙ ገደማ የሚያበስለው በእንጨት፣ በከሰል፣ በኩበት ወይም በመሳሰለው ነው።

ከተማ ውስጥ የሚያሳስበኝ ከሰሉ ነው። የእንጨት ጭስ ቢያንስ አስሎህ ያስወጣሃል። ከሰል ግን ጭስ ስለማይታይበት ንጹህ ይመስላል። «ደህና ፍም ከሆነ ችግር የለውም» የሚባለው ነገር ስህተት ነው፤ ደህና የቀላ ፍምም ካርቦን ሞኖክሳይድ ያወጣል። ይህ ጋዝ ቀለምም ሽታም የለውም። በደማችን ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው ሄሞግሎቢን ከኦክስጅን ይልቅ ከ200 ጊዜ በላይ አጥብቆ ይይዘዋል። መጀመሪያ ራስ ያማል፣ ያዞራል፣ ያቅለሸልሻል፤ ሰውየው ጉንፋን ይመስለውና ጋደም ይላል። በየክረምቱ ለሙቀት ብለው ከሰል አስገብተው ተኝተው ሳይነሱ ስለቀሩ ሰዎች የምንሰማው በዚህ ምክንያት ነው። (መስኮት ዘግተን ቡና እያፈላን እጣን ስለምንጨምረው ነገር ባላነሳ ይሻላል፤ ከእናቴ ጋር ያጣላኛል።)

አሁን ወደ ግቢው እንመለስ። ግቢው ውስጥ አምስት ቤተሰብ አለ፣ ቆጣሪው ግን አንድ ነው። የኤሌክትሪክ ምጣድ 3.5 ኪሎዋት ገደማ ይስባል እንበል። አንድ ሰዓት ተኩል ቢጋገርበት አምስት ኪሎዋት ሰዓት አለፍ ይላል። በሳምንት ሁለቴ ቢሆን በወር 42 ኪሎዋት ሰዓት አካባቢ ነው። አምስት ቤተሰብ ሲጋግር ደግሞ 210 ሊሆን ነው፣ ያውም አምፖልና ፍሪጅ ሳይቆጠር። ታሪፉ ደግሞ ደረጃ ደረጃ ነው። እስከ 50 ኪሎዋት ሰዓት ያለው በጣም ርካሹ ሲሆን ፍጆታ ባደገ ቁጥር ዋጋው ይወጣል። ደረጃው የወጣው ድሃውን ለመደገፍ ነበር። ግን የሚቆጥረው ቆጣሪ እንጂ ቤተሰብ አይደለም! ስለዚህ በአንድ ቆጣሪ የታጨቁ አምስት ድሆች እንደ አንድ ሀብታም ይታያሉ። ከመስከረም 2017 ጀምሮ ታሪፉ በየሦስት ወሩ ለአራት ዓመት እንዲጨምር ሲወሰን ይህ ነገር የባሰ ጠበቀ።

ኪራዩ «መብራትን ጨምሮ» ስለሆነ ስቶቭ ብሰካ ወጪው የአከራይዋ ነው። ከሰል ባነድ ወጪው የእኔ ነው፣ ሳንባውም የእኔው። እሳቸው ክፉ ስለሆኑ አይደለም፤ ሒሳቡ ነው እንዲህ የሚያደርጋቸው። የድሮው የኤሌክትሪክ ሽቦ ይቃጠላል ብለው መፍራታቸውም እውነት ነው። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 የተመረቀው፣ 5,150 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም ያለው የህዳሴ ግድብ ኃይሉ እዚህ ግቢ በር ላይ ደርሶ የሚቆመው በዚህ ምክንያት ነው።

ገጠሩ ሌላ ነገር ነው። መስመር ያልደረሰበት ቤት ስለ ቆጣሪ ቢወራለት ምን ያደርግለታል? እዚያ ምርጥ ምድጃና ከመኝታ የተለየ ማዕድ ቤት ይረዳሉ፣ ከምንም ይሻላሉ። ግን አናጋን። በማላዊ ከ10 ሺህ በላይ ሕፃናትን ያካተተ ትልቅ ጥናት የተሻሻሉ የእንጨት ምድጃዎች የሳንባ ምችን እንዳልቀነሱ አሳይቷል። እንጨት መቆጠብ አንድ ነገር ነው፣ ንጹህ አየር ሌላ።

ለከተማው ግን መፍትሔው ያን ያህል ሩቅ አይደለም። ታሪፉ በአንድ ቆጣሪ ስር ያሉትን ቤተሰቦች ቆጥሮ ደረጃውን ያካፍል። ለተከራይ ንዑስ ቆጣሪ የሚያስገባ አከራይ የሽቦ ማደሻ ብድር ያግኝ። እስከዚያ ድረስ ከሰል የሚያነድ ሰው ውጭ ያቀጣጥል፣ ሲያበስል በርና መስኮት ይክፈት፣ ሕፃን ያርቅ፣ ማንደጃውን ከነፍሙ ይዞ አይተኛ። ራሱን ካመመው ቶሎ ወደ ውጭ ይውጣ።

ክፍሏን ተከራየኋት። ንዑስ ቆጣሪ በራሴ ብር ገዝቼ፣ ኤሌክትሪሺያን አምጥቼ አስገባሁ፤ በየወሩ ያነበበውን እከፍላለሁ። አከራዬ ሁለት ወር ቁጥሩን እያዩ ቆይተው ስቶቩን ፈቀዱ። ምጣዱ ላይ ገና እየተደራደርን ነው፤ እንጀራ እስካሁን ከሱቅ ነው የምገዛው።