ሳቅም ትምህርት ቤት ይሻል



ነገሩን ከራሳችን ጥፋት እንጀምራለን። ባለፈው ዓመት በከተማችን ከሚገኙት አዳራሾች በአንዱ የተማሪዎች የመዝናኛ ምሽት ተደርጎ ነበር። ከመካከላችን አንዱ ያለ ጽሑፍና ያለ ልምምድ ወደ መድረክ ወጣና «ርእስ ስጡኝ፤ ወዲያው ቀልድ እፈጥርላችኋለሁ» አለ። አንዲት እኅት ከኋላ «ባንክ ቤት!» ብላ ሰጠችው። ለጥቂት ደቂቃ ወዲያና ወዲህ አለ፤ አልሆነለትም፤ አዳራሹም ዝም አለ። ቢጨንቀው ጊዜ አንድ የአጋሮ ቡና ገበሬ በባንክ መስኮት ፊት ቆሞ አማርኛ ለመናገር ሲንተባተብ አስመስሎ አሳየን። ያን ጊዜ አዳራሹ በሳቅ ተናወጠ። ከጎማና ከጌራ የመጡ ሁለት የመኝታ ክፍል ጓደኞቻችን ግን ተነሥተው ወጡ። እኛ እየሳቅን ስለነበርን መውጣታቸውን እንኳ ያወቅነው ዘግይተን ነው። ማታ በመኝታ ክፍላችን ስንገናኝ ማንም ስለ ጉዳዩ ቃል አልተነፈሰም። ይህን ጽሑፍ የጻፍነው ያ ዝምታ ስለ ከበደን ነው።

ከዚያ ወዲህ አንዳንዶች «ያለ ጽሑፍ መድረክ ላይ የሚወጣ ሰው አይኑር፤ ቀልድም ይቅርብን» ሲሉ ሰምተናል። ሌሎች ደግሞ «ቀልድ ነው፤ ምን ያካብዳችኋል?» ይላሉ። እኛ ከሁለቱም ወገን አይደለንም። ያ ወንድማችን የተሰናከለው ልቡ ክፉ ሆኖ አይደለም፤ ሳይማር ስለ ወጣ ነው። ያልሠለጠነ ሰው በመድረክ ላይ ሲጨንቀው ቅርቡ ያለውን ነገር ያነሣል፤ ቅርቡ ያለውም የሰው አነጋገር፥ የሰው ድህነት፥ የሰው አካል ጉዳት ነው። ስለዚህ መድኃኒቱ መድረኩን መዝጋት ሳይሆን ትምህርት ቤቱን መክፈት ነው። ለዩኒቨርሲቲው ተማሪም ለሰቶ ሰመሮ ወጣትም እኩል ክፍት የሆነ፥ በቅጽበት የሚፈጠር ኮሜዲ የሚታይበትና የሚማሩበት መድረክ በጅማ ይቋቋም እንላለን።

ይህን ስንል የሚነሡብንን ተቃውሞዎች እናውቃቸዋለን። አንድ በአንድ እንያቸው።

1ኛ/ «ይህ ከፈረንጅ የተቀዳ ፋሽን ነው» ይላሉ። እርግጥ ነው፥ ቪዮላ ስፖሊን የተባለች መምህርት በቺካጎ ከልዩ ልዩ አገር ተሰድደው የመጡ ድሆች ልጆችን በጨዋታ አማካይነት ቴአትር ታስተምር ነበር፤ መጽሐፏም እ.ኤ.አ. በ1963 ታትሟል። ልጇ ፖል ሲልስና ጓደኞቹ እ.ኤ.አ. በ1959 «ሰከንድ ሲቲ» የተባለውን የኮሜዲ ቤት መሠረቱ፤ ቤቱም ኋላ የራሱን ማሠልጠኛ ከፈተ። ኪት ጆንስቶን የተባለው እንግሊዛዊ መምህርም በለንደን፥ ኋላም በካናዳ በካልጋሪ ከተማ ለተማሪዎቹ ያስተማረው ዋና ነገር ይህ ነው፦ ጓደኛህ በመድረክ ላይ የሰጠህን ቃል አትጣል፤ ተቀብለህ ጨምርበት።

ለመሆኑ ይህ ለእኛ አዲስ ነገር ነውን? በአዝማሪ ቤት ከታዳሚው አንዱ ተነሥቶ የሚጮኸው ቃል ምንድን ነው? «ተቀበል!» አይደለምን? አዝማሪው የተሰጠውን ስንኝ ሳይጥል በመሰንቆው ተቀብሎ፥ ሰጪውን ራሱን እስኪያስቅ ድረስ አዙሮ ይመልሰዋል። የኦሮሞ ልጆች ማታ በምድጃ ዙሪያ ሂቦ ሲጫወቱ፥ የአማራ ልጆች «እንቆቅልህ» ሲባባሉ፥ አንዱ ይሰጣል፤ ሌላው ይቀበላል። ገራርሳ የሚያወርድ ሰውም ስለ ዕለቱ ጉዳይ ቃሉን እዚያው ያዋቅራል። እንግዲህ ፈረንጆቹ ያደረጉት ነገር ቢኖር፥ እኛ በቤታችን የምንጫወተውን ዓይነት ጨዋታ ሥርዓት አበጅተውለት ማስተማራቸው ነው። ከእነርሱ የምንቀዳው ሥርዓቱን ነው፤ ቃሉማ የራሳችን ነው።

2ኛ/ «ቧልት ለዩኒቨርሲቲ ክብር አይመጥንም» ይላሉ። ይህን የሚሉ ሰዎች የአለቃ ገብረ ሐና ቀልድ ሲነገር ከሁሉ በፊት የሚስቁ ናቸው። አለቃ ገብረ ሐና ግን ቀልደኛ ብቻ አልነበሩም፤ የአቋቋም ሊቅ ነበሩ። በልጃቸው በተክሌ ስም የሚጠራው የተክሌ አቋቋም የእርሳቸው ሥራ ነው። አገሩን ሁሉ ያሳቀ አንደበት ከጉባኤ ቤት ወጣ እንጂ ከሥራ ፈት ሸንጎ አልወጣም።

ደግሞስ የኢትዮጵያ ዘመናዊ ቴአትር በምን ጀመረ? በኮሜዲ ነው! ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም በ1913 ዓ.ም. ገደማ ያቀረቡት «ፋቡላ፡ የአውሬዎች ኮመዲያ» አውሬዎችን እያናገረ የመንግሥትን አሠራር የሚነቅፍ ነበር። እኚሁ ሰው በ1923 ዓ.ም. የወጣውን የአገሪቱን የመጀመሪያ ሕገ መንግሥት አርቅቀዋል። ሕገ መንግሥት የሚያረቅቅ እጅ ኮሜዲ መጻፍን አልናቀም፤ እኛ ገና መመረቂያ ጽሑፋችንን ያልጨረስነው እንንቀውን? ያ ቴአትር በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን መታገዱንም አንርሳ። ቀልድ ከንቱ ነገር ቢሆን ኖሮ ማን ሊያግደው ይደክም ነበር?

3ኛ/ «ቀልድ ተሰጥኦ ነው፤ አይማሩትም» ይላሉ። ዋናው ክርክራችን ከነዚህ ጋር ነው። ምክንያቱም ያን ምሽት ያበላሸብን ይኸው እምነት ነው። ያ ወንድማችን «ተሰጥኦ አለህ» ተብሎ ነበር የወጣው።

የቅኔ ቤትን ሥርዓት እንመልከት። ቅኔ በየዕለቱ አዲስ ይሆናል፤ የትናንቱን መድገም ነውር ነው። ነገር ግን ማንም ሰው ተሰጥኦ አለኝ ብሎ ከመንገድ ተነሥቶ አይቀኝም። ተማሪው ሁለት ቤት ካላት ከጉባኤ ቃና ይጀምራል፤ ከዚያ ወደ ሚ በዝኁ፥ እያለ እያለ ስምንት ቤት ወዳለው ወደ መወድስ ይደርሳል። ሰዋስው ያጠናል፤ ጫካ ገብቶ ይቆጥራል፤ የቆጠረውን ለመምህሩ ይነግራል፤ ይታረማል፤ እንደገና ይሄዳል። ዓመታት ይፈጃል። በቅጽበት የመጣ የሚመስለን ቃል ከጀርባው ይህ ሁሉ ድካም አለበት። የአዝማሪም ልጅ እንዲሁ ነው፤ ከአባቱ ጎን ተቀምጦ መሰንቆውን ሲያነሣና ሲጥል ያድጋል። በ1980ዎቹ ሰርከስ ጅማ ሲቋቋም በገዛ ከተማችን ያየነውም ይህንኑ ነው፤ የሰፈር ልጅ በአየር ላይ የተገለባበጠው በየቀኑ ስለ ተለማመደ እንጂ ክንፍ ይዞ ስለ ተወለደ አይደለም።

በኮሜዲውም ትምህርቱ ተራ ነገር ነው። ሁለት ሰዎች ይነሣሉ። አንዱ «ዶክተር፥ በሬዬ ታሞብኛል» ይላል። ሌላው «እኔ የሰው ሐኪም ነኝ» ብሎ ቢመልስ ጨዋታው እዚያው ይሞታል። «አስገባው፤ ካርድ ግን አውጥቷል?» ቢል ግን ጨዋታው ይቀጥላል። ሳቁም በገበሬው ላይ ሳይሆን በካርድ ክፍሉ ሰልፍ ላይ ይሆናል። ይህን አንድ መቶ ጊዜ የተለማመደ ሰው ሲጨንቀው የሰው አነጋገር አይሰርቅም፤ ጓደኛው የሰጠውን ይቀበላል።

4ኛ/ «ጽሑፍ የሌለው ቴአትር አደገኛ ነው፤ ምን እንደሚባል አስቀድሞ አይታወቅም» ይላሉ። ይህ አባባል ያረጀ ነው። በዘውዱም በደርጉም ዘመን ቴአትር ከመታየቱ በፊት ጽሑፉ በሳንሱር ይነበብ ነበር። በእንግሊዝም አገር እስከ እ.ኤ.አ. 1968 ድረስ ማንኛውም የቴአትር ጽሑፍ ለቤተ መንግሥቱ ሹም ቀርቦ መፈቀድ ነበረበት። ጽሑፍ የሌለው ትርኢት ምን ይቅረብ? ጆንስቶን ስለዚህ ትርኢቱን «የትምህርት ማሳያ ነው» እያለ ያቀርበው ነበር። እኛ ግን ማምለጫ አንፈልግም። ትምህርት ነው ስንል የእውነት ትምህርት ነው። አደጋውን አይተነዋል፤ አደጋው ያ ምሽት ነበር። ያን ምሽት የጎደለው ሳንሱር ነበርን? አልነበረም፤ የጎደለው መምህር ነው።

አሁን «ለምን በጅማ?» ለሚለን ወገን እንመልስ። ጅማ ከጥንት የሂርማታ ገበያ ዘመን ጀምሮ ልዩ ልዩ ቋንቋ የሚናገሩ ሰዎች የሚገናኙባት ከተማ ናት። ኦሮሞው፥ ከፋው፥ የሙ፥ ዳውሮው፥ ጉራጌው፥ አማራው በአንድ የቡና ገበያ ይውላል። በእንደዚህ ያለች ከተማ ሳቅ ሁለት መንገድ አለው፦ ወይ የሰውን አነጋገር እያፌዘ ይከፋፍለናል፤ ወይ አንዱን የሌላውን ቃል እያስቀበለ ያቀራርበናል። ሦስተኛ መንገድ አላየንም። የቪዮላ ስፖሊን ጨዋታዎችም የተፈተኑት ቋንቋቸውና ልማዳቸው በማይመሳሰል ልጆች መካከል ነበርና፥ ከሁሉ ይልቅ ለእኛ ይስማማሉ።

ሌላም ምክንያት አለን። የጅማ ዩኒቨርሲቲ በ1992 ዓ.ም. ከእርሻ ኮሌጁና ከጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩቱ ውሕደት ሲቋቋም ትምህርቱን በኅብረተሰቡ ላይ የመሠረተ ነው፤ ተማሪው ወደ ቀበሌና ወደ ገጠር ይወጣል። እኛስ እንዴት እንወጣለን? መጠይቃችንን በደረታችን ታቅፈን፥ የሸመደድነውን ጥያቄ ተራ በተራ እያነበብን አይደለምን? እናቲቱ አቦሉን ቀድታ ስለ ልጇ ሕመም ማውራት ስትጀምር «እሱ ቁጥር 14 ላይ ይመጣል» ብለን የምናቋርጣት እኛ አይደለንምን? መስማት የማይችል ሐኪም፥ መስማት የማይችል የእርሻ ባለሙያ ለማን ይጠቅማል? በቅጽበት መፍጠር ማለት ከሁሉ በፊት መስማት ማለት ነው። ያልሰማ አይቀበልም።

ስለዚህ የምንጠይቀው ብዙ አይደለም።

ሀ/ በሳምንት አንድ ምሽት የሚከፈት አንድ ክፍል ይሰጠን። መጋረጃም መብራትም አንፈልግም፤ ጥቂት ባለ ሦስት እግር የጅማ በርጩማ ይበቃናል።

ለ/ መምህራኑ ከሦስት ወገን ይምጡ፦ ከቴአትርና ከቋንቋ መምህራን፥ ከአዝማሪና ከገራርሳ አውራጆች፥ ከቅኔ መምህራን። የቀን አበላቸውም እንደ ማንኛውም ተጋባዥ መምህር ይከፈል።

ሐ/ ከመቀመጫው ግማሹ ለተማሪ፥ ግማሹ ለሰቶ ሰመሮና ለሌሎቹ ሰፈሮች ወጣቶች ይሁን። ጨዋታውም በአፋን ኦሮሞና በአማርኛ እኩል ይካሄድ።

መ/ ቡናው ተለቅሞ ሲያበቃ ወደ አጋሮ፥ ወደ ሊሙ ገነትና ወደ ሰቃ በገበያ ቀን ይሄድ። ርእሱን የሚሰጠው ገበያተኛው ይሁን።

ሠ/ ሕጉ አንድ ብቻ ይሁን፦ መልስ ሊሰጥ በማይችል ሰው ላይ አይሳቅም።

መምህራን ሆይ፥ «ጊዜ የለንም» አትበሉን። በክፍል ውስጥ ጥያቄ ስትጠይቁን ለምን ዝም እንደምንል ብዙ ጊዜ ታማርራላችሁ። ያልሸመደድነውን መናገር ስለምንፈራ ነው። ፍርሃቱ የሚለቀን በተግሣጽ አይደለም፤ ተሳስተን፥ ተስቆብን፥ ደግመን የምንነሣበት ቦታ ስናገኝ ነው።

ወንድሞችና እኅቶች ሆይ፥ ያን ምሽት የሳቅነው ሁላችንም ነን፤ ጥፋቱን በአንድ ሰው ትከሻ ላይ ጭነን አንሽሽ። ይህን ጽሑፍ ስናዘጋጅ ያን ወንድማችንን ጠርተን አነጋግረነዋል። አልተቆጣም፤ «የምማርበት ቦታ ካለ የመጀመሪያው ተማሪ እኔ ነኝ» አለን። በወጡት ሁለት ጓደኞቻችን በር ላይም ሄደን ነበር። አንዱ አልከፈተልንም። ሌላው ለረጅም ጊዜ ዝም ብሎ ከቆየ በኋላ «እንግዲያው በሚቀጥለው ጊዜ ርእሱን እኔ እሰጣለሁ» አለን።

እኛም ተቀብለናል። የኅብረቱ ጽሕፈት ቤት በር ላይ የስም መመዝገቢያ ወረቀት ተለጥፏል። ያልከፈተልንን ጓደኛችንን ስም ግን አልጻፍንም፤ ቦታውን ባዶ ትተን እየጠበቅነው ነው።