ዊዛርድስ እየተሸነፈ ነበር፤ ልጆቹስ እያደጉ ነበር?

የዋሽንግተኑ ዊዛርድስ ከ16 ተከታታይ ሽንፈት በኋላ በዲሴምበር 2024 አንድ ቅዳሜ ማታ ዴንቨርን 122 ለ 113 አሸነፈ። ዮኪች ብቻውን 56 ነጥብ አስቆጥሮም ዴንቨርን አላዳነም። ከዚያ በፊት በዚያ የውድድር ዘመን ቡድኑ ያሸነፈው ሁለቴ ነበር፤ ሁለቱንም አትላንታን። ያኔ 3 አሸንፎ 18 ተሸንፎ ነበር።

ዲሲና ሲልቨር ስፕሪንግ ያላችሁ ቤተሰቦች፣ ትኬት ገዝታችሁ ብትናደዱ አይፈረድባችሁም። ነገሩ ግን ድንገት የመጣ አይደለም። በ2023-24 ከ82 ጨዋታ 15 ብቻ ያሸነፈው ክለብ፣ በ2024 በድራፍት ያመጣቸውን ሳርን፣ ካሪንግተንንና ጆርጅን ሜዳ ላይ እያስተማራቸው ነበር። ሳር ያኔ ገና 19 ዓመቱ ነበር።

«ሆን ብለው ነው የሚሸነፉት፣ ለድራፍቱ» የሚል ነበር። እሺ፣ ግን በሎተሪው የመጨረሻዎቹ ሦስት ቡድኖች 1ኛውን ምርጫ የማግኘት ዕድላቸው ያኔ እኩል 14 በመቶ ነበር። ስለዚህ አልፎ አልፎ ማሸነፍ ብዙም አያስከፍልም ነበር።

ያሳሰበኝ ሌላ ነበር። ያን ቅዳሜ 39 ነጥብ አስቆጥሮ ቡድኑን የታደገው ጆርዳን ፑል ነው እንጂ ከአዲሶቹ ልጆች አንዱ አይደለም። ብዙዎች ኦክላሆማን ምሳሌ ያደርጋሉ፤ እውነት ነው፣ በ2021 በሜምፊስ በ73 ነጥብ ልዩነት ተዋርዶ በ2023-24 የውድድር ዘመን 57 ጨዋታ አሸንፏል። ግን ያኔም ሼይ ነበረው። ዋሽንግተን በዲሴምበር 2024 እንደሱ ዓይነት ተጫዋች አልነበረውም። በፌብሩዋሪ 2025 የዝውውር ጊዜው ሳይዘጋ ኩዝማን የመሰሉ ነባሮች ከተሸጡ፣ ሽንፈቱ ሊብስ ይችል ነበር፤ ሳር ግን ኳሷን በደንብ ሊያገኝ ይችል ነበር።