ዱንጉዛው የማን ነው?

አምና በመስቀል ሰሞን የስምንት ዓመት ልጄን ይዤ አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ አንድ ልብስ ሰፊ ዘንድ ሄድኩ። ከዶርዜ ያስመጣሁትን ዱንጉዛ፣ ባለ ቀለሙን የጋሞ ሽመና፣ ዘረጋሁለት። ሰውየው ሜትሩን ከአንገቱ አውርዶ ወገቧን ለካና ቀና ብሎ «ጉርድ ነው ሽንሽን?» አለ።

ልጄ ቀደመችኝ። «ሱሪ ነው አባባ።»

ሳቀ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። «እህቴ፣ የዱንጉዛ ሱሪ እኮ የወንድ ነው። ለሴት ልጅ ባህሉ አይፈቅድም።»

ባህሉ! ይህን የሚለኝ ጂንስ ሱሪ ታጥቆ፣ የአርሰናል ማልያ ለብሶ ነው። የጋሞ ባህል በእሱ ላይ ሲሆን እስከ እንግሊዝ ይለጠጣል፤ ልጄ ጉልበት ላይ ሲደርስ ግን ይጠብቃል።

እሺ፣ ስለ ባህል ከሆነ እንነጋገር። ወደ ዶርዜ፣ ወደ ጨንቻ ውጡ። ሴቷ ጥጡን ባዝታ በእንዝርት ትፈትላለች፤ ወንዱ እግሩን ጉድጓድ ውስጥ ሰድዶ መወርወሪያውን ከግራ ቀኝ እያመላለሰ ይሸምናል። ቀዩን ከቢጫው፣ ቢጫውን ከጥቁሩ አጠገብ የሚያስቀምጠው ወንድ ነው። ያንን እሳት የመሰለ ሱሪ ለብሶ አደባባይ የሚወጣውም ወንድ ነው። በዚህ አገር እንደ ጋሞ አባቶች ደማቅ የሚለብስ ወንድ ካለ አሳዩኝ። ሽሮ ሜዳ ላይ የሙሽራ ቀሚስ ጥለት፣ ሮዙንም ወይን ጠጁንም፣ ድር ቆጥሮ የሚጥለው ማን ነው? እነዚያው የእኛ ወንዶች ናቸው። ሮዝ ክር በእጁ ሲያድር ወንድነቱ የተቀነሰበት ሸማኔ አላውቅም።

ታዲያ የአምስት ዓመቱ የወንድሜ ልጅ ገበያ ላይ ሮዝ ሹራብ አንስቶ በደረቱ ሲለካ ባለሱቋ ከእጁ ቀማችው። «ማሙሽ፣ ይሄ የሴት ነው!» ልጁ እንደ ሌባ ደነገጠ። ከዚያ ወዲህ ልብስ ሲገዛለት መጀመሪያ የሚጠይቀው «የወንድ ነው?» ብሎ ነው። ይበርደው አይበርደው አይጠይቅም፣ ያምረው አያምረው አይጠይቅም።

ይህ ከየት መጣ? ከጨንቻ ደጋ አልወረደም። በ1918 እ.ኤ.አ. አንድ የአሜሪካ የልጆች ልብስ ነጋዴዎች መጽሔት ሮዝ ለወንድ፣ ሰማያዊ ለሴት እንዲሆን መክሮ ነበር። በኋላ ፕሬዚዳንት የሆነው ፍራንክሊን ሩዝቬልት በሁለት ዓመት ተኩሉ ነጭ ቀሚስ ለብሶ፣ ጸጉሩን አስረዝሞ የተነሳው ፎቶ ዛሬም አለ። ፈረንጅ ኋላ ገለበጠው። የተገለበጠው በኮንቴይነር ደረሰን፤ እኛም ተቀብለን «የአባቶቻችን ሥርዓት» አልነው። አባቶቻችንማ ልጅ ሳሉ ሱሪ የሚባል ሳያውቁ በጥብቆ ብቻ ከብት ሲጠብቁ ነው ያደጉት። ጋቢውንም እናትም አባትም እኩል ይከናነቡታል።

ወንድና ሴት ልብስ አይለዋወጡ የሚለውን ዘዳግም 22ን የሚጠቅሱልኝ አሉ። አከብራቸዋለሁ፣ ቃሉንም አውቀዋለሁ። ግን ካህኑ ለቅዳሴ የሚለብሰው ስሙ ቀሚስ አይደለም እንዴ? የወንድ ልብስ የቱ፣ የሴት ልብስ የቱ እንደሆነ የሚለየው አገርና ዘመን ከሆነ፣ የሲቀላው ሰፊ ያወጣው ድንበር ከሲና ተራራ እንደወረደ አድርጋችሁ አትንገሩኝ።

ይልቅ ወደ ስድቡ እንምጣ። ወንድ ልጅን ለማዋረድ «ሴታ ሴት» እንላለን። ሴት ስትጎብዝ ደግሞ «እሷ እኮ ወንድ ናት!» ብለን እናሞግሳታለን። ሁለቱን አጠገብ ለአጠገብ አስቀምጡና ለሴት ልጃችሁ ንገሯት፤ ምን እንደሆነች ወዲያው ይገባታል። ደራርቱ ቱሉ በ1984 ዓ.ም. ባርሴሎና ላይ በ10 ሺህ ሜትር ወርቅ ስታመጣ በቀሚስ አልሮጠችም። ያን ጊዜ ግን አለባበሷ ነውር ነው ያለ ጎረቤት አልሰማሁም፤ ሁላችንም «የእኛ ልጅ» ነበር ያልነው።

ጉዳዩ የጨርቅ ብቻ ቢሆን ዝም ባልኩ ነበር። ግን «የወንድ»፣ «የሴት» ያልነው ነገር ልብስ ላይ አይቆምም። ከጋሞ ደጋ ስንት ወንድ ልጅ ነው፣ ሽመና የወንድ ሥራ ነው ተብሎ፣ ትምህርት ቤት ትገባለህ ተብሎ ተሸንግሎ፣ አዲስ አበባ ጉድጓድ ውስጥ የዋለው? ስንቷ ሴት ልጅ ነች ማጀት የሴት ነው ተብሎ ሰው ቤት የገባችው? ልጁ ምን እንደሚወድ ጠያቂ የለም። ሹራቡን ከእጁ የቀማው እጅና ደብተሩን የቀማው እጅ ሩቅ ዘመድ አይደሉም።

እኔ የምኮራበትን የጋሞ ባህል ልንገራችሁ። በመስከረም 2011 ዓ.ም. አርባ ምንጭ ላይ ወጣቱ በቁጣ ሲነሳ አባቶች እርጥብ ሳር ይዘው ፊቱ ተንበረከኩ። ሽበታም ሰው ለልጅ ይንበረከካል ወይ ብሎ የተከራከረ አልነበረም። ሰው ከሚሞት የእኛ ክብር ዝቅ ይበል አሉ። ለልጅ ሲል መሬት የነካ ባህል በአንድ ሱሪ ይፈርሳል ብሎ የሚነግረኝን ሰው አላምነውም።

ሰፊው በመጨረሻ ሰፋው። እያጉረመረመ ነበር፣ ግን ስፌቱ ንጹህ ነው፤ ሙያውን አልነፍገውም። ልጄ በመስቀል ዕለት ለብሳው «ዮ መስቀላ!» እያለች ጎረቤት ዞረች። በማግስቱ ማንጎ ዛፍ ላይ ወጥታ የግራ ጉልበቱን ቀደደችው። ይኸው ነው፤ ሰማይ አልተደረመሰም።

ትምህርት ሲከፈት ግን ሱሪ ለብሳ ሄዳ ከበር ተመለሰች። የትምህርት ቤቱን ስም አልጠራም፤ ዘበኛውም የታዘዘውን ነው ያደረገው። ጠዋቱን ሙሉ ቤት ዋለች፣ የሒሳብ ክፍለ ጊዜም አለፋት። እናንተ ርዕሰ መምህራን፣ በዩኒፎርም ደንባችሁ ላይ «ሴት ተማሪ፦ ጉርድ ቀሚስ» ከሚለው አጠገብ «ወይም ሱሪ» ብላችሁ ጨምሩ። ሁለት ቃል ነው። ለመጪው መስከረም ይድረስልን።